ለማንጎዬ መካን ዝንብ የት ይሸጣል?

ጥያቄ፦ “አርባ ምንጭ ዙሪያ ሁለት ሄክታር ማንጎ አለኝ። ካለፉት ዓመታት ወዲህ ፍሬው ሊበስል ሲል ትል እየገባበት ግማሹ መሬት ላይ ይቀራል። መድኃኒት ደጋግሜ አስረጭቻለሁ፤ ለውጥ የለም። ለከብቶቻችን የገንዲ በሽታ ሲባል ቃሊቲ ውስጥ ዝንብ እያመከኑ በአውሮፕላን ይለቃሉ ይባላል። ለከብት ዝንብ የተቻለው ለማንጎ ዝንብ ለምን አይቻልም? የሚሸጥ ከሆነ የት ላግኝ? ደግሞስ ጨረር የነካው ዝንብ ያረፈበት ማንጎ ይበላል?”

ምላሽ፦

ጥያቄዎ ሦስት ጥያቄ ነው። ቀላሉን ላስቀድምና ልገላገለው፤ ማንጎው ይበላል። ሰው ሆስፒታል ገብቶ ራጅ ተነሥቶ ሲወጣ ጨረር ተሸክሞ ወደ ቤቱ እንደማይሄድ ሁሉ፣ ዝንቡም ጨረሩን ይዞ አይወጣም። ዝንቡን ለማምከን ኮባልት 60 ከሚባለው ምንጭ የሚወጣው ጨረር በዝንቡ ሰውነት ውስጥ አልፎ ይሄዳል፤ ዝንቡና ኮባልቱ አይነካኩም። አንዳንድ ማዕከላት እንዲያውም ኮባልቱን ትተው በባሕርዩ ከሆስፒታሉ ጋር አንድ በሆነ የራጅ ማሽን መሥራት ጀምረዋል።

“የት ይሸጣል?” ለሚለውም አጭር መልስ አለኝ። ኢትዮጵያ ውስጥ ለማንጎ ዝንብ የሚሆን መካን ዝንብ የሚያመርት ፋብሪካ የለም። መካን የፍራፍሬ ዝንብ እንደ ማንኛውም ዕቃ የሚሸጥበት አገር ግን አለ፤ እስራኤል ውስጥ በቤት ሸአን ሸለቆ የሚገኘው ስዴ ኤልያሁ የተባለ ኪቡትስ፣ ማለትም የጋራ እርሻ መንደር፣ ድርጅት አቋቁሞ ይህንኑ ይሠራል። የሚያመርተው ግን የሜዲትራኒያን የፍራፍሬ ዝንብ የሚባለውን ነው፤ የእርስዎን ማንጎ የሚያበላሸው በአብዛኛው ሌላ ዝርያ ነው፤ የአንዱ ዝርያ ወንድ ደግሞ ለሌላው ዝርያ ሴት አይሆንም። ትክክለኛው ዝርያ ቢገኝም እንኳ ለሁለት ሄክታር ገዝተው እንዲለቁ አልመክርዎትም። ምክንያቱን ለመረዳት ነገሩን ከሥሩ ማየት ስለሚጠይቅ መልሴ ይረዝማል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ጠላትዎን ይወቁት። ከዛፉ ሥር የወደቀ፣ ከውጭ ሲያዩት ደህና የሚመስል ማንጎ ያንሡና ልጣጩን በደንብ ይመልከቱ። በመርፌ የተወጋ የሚመስል ነጥብ፣ ከነጥቡም የወረደ የደረቀ የእንባ ጠብታ የመሰለ ፈሳሽ ያገኛሉ። ሴቷ እንቁላሏን የጣለችበት በር ነው። እዚያ ላይ በቢላዋ ሲከፍቱት ሥጋው ቡናማና ውሃማ ሆኖ ነጫጭ ትሎች ሲርመሰመሱ ያያሉ። አንዱን ትልቅ ትል ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡትና ጥቂት ይጠብቁ፤ ራሱንና ጭራውን አጋጥሞ እንደ ቀስት ይወጠርና ተስፈንጥሮ ይዘላል። ይህን ለገበሬዎች ሳሳይ ሁልጊዜ ሳቅ ይነሣል፤ እኔም እስካሁን አልሰለቸኝም። ዝላዩ ግን ለጨዋታ አይደለም፤ ትሉ ፍሬውን ጨርሶ አፈር እየፈለገ ነው። መሬት ውስጥ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ገብቶ የስንዴ ዘር በሚያህል ቡናማ ቅርፊት ራሱን ይሸፍናል። ሙሽሬ የምንለው ይህን ነው። ከአሥር ቀን ገደማ በኋላ ክንፍ አውጥቶ ብቅ ይላል።

መድኃኒቱ ያልሠራልዎትም በዚሁ ምክንያት ነው። እንቁላሉ ከልጣጩ ሥር፣ ትሉ ከሥጋው ውስጥ፣ ሙሽሬው ከአፈር በታች ነው። ዛፉን ከላይ እስከ ታች ሲያስረጩ የሚያገኙት በዚያች ሰዓት ቅጠል ላይ ያረፈውን ዝንብ ብቻ ነው፤ በማግሥቱ አዲስ ከአፈር ይወጣል፣ ሌላው ከጎረቤት ይመጣል። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው።

በአገራችን ቆላማ አካባቢ ማንጎን ይበልጥ የሚያጠቃው ከእስያ የመጣው ዝንብ ነው። አፍሪካ ውስጥ መጀመሪያ የታወቀው በ2003 ኬንያ ሲሆን፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አብዛኛውን የአህጉሩን ክፍል አዳርሷል፤ እኛም ዘንድ ለመድረስ አልዘገየም። ከቤት ዝንብ እምብዛም የማይተልቅ፣ ጀርባው ላይ ሁለት ቢጫ መስመር፣ ሆዱ ላይ ቲ የተባለውን የላቲን ፊደል የመሰለ ጥቁር ምልክት ያለው፣ ላላወቀው ሰው ተርብ የሚመስል ፍጥረት ነው። የሜዲትራኒያን ዝንብ ከእርሱ ያንሳል፤ ክንፉም በቡናማና ቢጫ ዥጉርጉር ነው። ስሙ የሜዲትራኒያን ይሁን እንጂ አገሩ አፍሪካ ነው፤ የቡና እሸት ውስጥ ሳይቀር ይራባል።

አሁን ወደ ማምከኑ። “መካን” የሚለው ቃል እዚህ ላይ ትንሽ ያሳስታል። የመከነው ወንድ እንደ ጤነኛው ይበራል፣ ሴት ያባብላል፣ ይገናኛል። ዘሩም ሴቷ ውስጥ ገብቶ እንቁላሉን ያገኘዋል። ጉድለቱ ጨረሩ በዘሩ ውስጥ ያሉትን ክሮሞዞሞች መሰባበሩ ነው፤ እንቁላሉ ማደግ ይጀምርና ይሞታል። ሴቷ ግን የተታለለች አይመስላትም። ከተገናኘች በኋላ ሌላ ወንድ የመፈለግ ስሜቷ ስለሚቀንስ ፊቷን ወደ ፍሬው አዙራ የማይፈለፈል እንቁላል ስትጥል ትሰነብታለች።

ጨረር የነፍሳትን ዘር እንደሚለውጥ ኸርማን ሙለር የተባለው ተመራማሪ በ1927 አሳይቶ ነበር። ይህን ለተባይ ማጥፊያነት ያሰበው ግን ኤድዋርድ ኒፕሊንግ የሚባል አሜሪካዊ ነው። ከሥራ ባልደረባው ከሬይመንድ ቡሽላንድ ጋር የከብት ቁስል ውስጥ ገብቶ ሥጋ የሚበላውን ትል የሚያስከትለውን ዝንብ በዚህ መንገድ ተከታትሎ፣ በ1954 ኩራሳው ከምትባለው የካሪቢያን ደሴት በጥቂት ወራት ውስጥ አጠፉት። የሰውየውን ሐሳብ ለመረዳት ከማካፈልና ከማባዛት ያለፈ ሒሳብ አያስፈልግም።

እንበልና በአንድ ሸለቆ አንድ ሚሊዮን ሴትና አንድ ሚሊዮን ወንድ ዝንብ አለ። እያንዳንዷ ሴት ለሚቀጥለው ትውልድ አምስት ሴት ታተርፋለች እንበል። ዝም ብለን ብንተወው በአንድ ትውልድ አምስት ሚሊዮን ሴት ይሆናል። ዘጠኝ ሚሊዮን መካን ወንድ ብንለቅስ? አሁን ከአሥሩ ወንድ ዘጠኙ የእኛ ነው፤ ጤነኛ ወንድ የሚደርሳት ከአሥር ሴት አንዷ ብቻ ናት። ወላድ የሚሆኑት 100,000 ሴቶች አምስት አምስት ቢወልዱ 500,000 ይሆናሉ። ለሁለተኛው ትውልድ ያንኑ ዘጠኝ ሚሊዮን ደግመን እንልቀቅ፤ አሁን ለአንድ የዱር ወንድ የእኛ 18 ይደርሱታል፤ ውጤቱ 131,000 ገደማ ሴት ነው። በሦስተኛው ወደ 9,500 ይወርዳል። በአራተኛው 50 ይቀራል። በአምስተኛው ለእያንዳንዱ የዱር ወንድ 180,000 መካን ወንድ አለ፤ እንግዲህ አንዲቱ ሴት ያንን አንድ ጤነኛ ባል የምታገኝበት ዕድል የለም።

ከፀረ ተባይ መድኃኒት ጋር ያስተያዩት። መድኃኒት ከመቶው ዘጠናውን ቢገድል ዝንቡ ብዙ ሲሆን ብዙ፣ ጥቂት ሲሆን ጥቂት ይገድላል፤ የመጨረሻዎቹን አሥር ዝንቦች ለመግደል ያንኑ ዛፍ፣ ያንኑ ሄክታር እንደገና መርጨት ይጠይቃል። መካኑ ወንድ ግን ዝንቡ እያነሰ በሄደ ቁጥር ይበልጥ ይሠራል፤ ራሱ እየበረረ የተደበቀችውን ሴት ይፈልጋልና።

ሒሳቡ ያማረው ግን ከአንድ ሚሊዮን ስለጀመርን ነው። መነሻው መቶ ሚሊዮን ቢሆን ዘጠኝ መቶ ሚሊዮን መካን ዝንብ ያስፈልገን ነበር። ስለዚህ የትም አገር ቢሆን መጀመሪያ ዝንቡ በሌላ መንገድ እንዲመነምን ይደረጋል፤ መካኑ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰዎች ስለ አውሮፕላኑ ይሰሙና ከአውሮፕላኑ በፊት የተለቀመውን የወደቀ ፍሬ አይሰሙም።

“ለከብት ዝንብ የተቻለው…” ላሉት መልሱ እዚህ ጋ ይመጣል። ቃሊቲ በ2007 የተመረቀው ማራቢያ የሚያመርተው ገንዲ የሚያስተላልፈውን ቆላ ዝንብ ነው፤ ዓላማውም በደቡብ ስምጥ ሸለቆ 25,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚያህል አካባቢ ነበር፤ የእናንተውን አካባቢ ማለት ነው። ቆላ ዝንብ ከዝንብ ወገን የማይጠበቅ ባሕርይ አለው፤ እንቁላል አይጥልም። ሴቷ አንድ ልጅ ብቻ በሆዷ ይዛ አሳድጋ፣ በዘጠኝ በአሥር ቀን አንድ ጊዜ ትወልዳለች። በመራባት በኩል ከዝንብ ይልቅ ላም ትመስላለች ብል ብዙ አላጋነንኩም። ስለዚህ በጥቂት መካን ወንድ ቁጥሯ ይናጋል። ዛንዚባር ውስጥ ኡንጉጃ ደሴት ላይ ከ1994 እስከ 1997 በተካሄደው ዘመቻ የተለቀቀው መካን ወንድ በጠቅላላው 8.5 ሚሊዮን ገደማ ነው፤ ቆላ ዝንቡም ከደሴቲቱ ጠፍቷል።

የማንጎ ዝንቧ ሴት ደግሞ በመቶ የሚቆጠር፣ ሲመቻት ከሺህ በላይ እንቁላል ትጥላለች። ለእርሷ የሚያስፈልገው ቁጥር ሌላ ነው። ጓቴማላ ኤል ፒኖ በሚባል ቦታ ያለው የዓለማችን ትልቁ የፍራፍሬ ዝንብ ፋብሪካ በሳምንት ከአንድ ቢሊዮን በላይ መካን የሜዲትራኒያን ዝንብ ማምረት ይችላል። ቢያካፍሉት ለዛንዚባር ሁለት ሦስት ዓመት የፈጀው 8.5 ሚሊዮን እዚያ የአንድ ሰዓት ተኩል ምርት እንኳ አይሞላም። የቃሊቲውን ቤት ቀለም ቀብቶ ለማንጎ ዝንብ ማዋል የማይቻለው ስለዚህ ነው። ምግቡም አይገናኝም፤ ቆላ ዝንብ ወንዱም ሴቱም ደም ነው የሚበላው፣ ማራቢያ ቤት ውስጥ በሞቀ ሳህን ላይ በስስ የሲሊኮን ገለፈት ሥር የተዘረጋ የእንስሳ ደም እየመጠጠ ያድጋል። የፍራፍሬ ዝንብ ትል ግን ፉርሽካ፣ ስኳርና እርሾ ከተቦካ ሊጥ ውስጥ ያድጋል። አንዱ ቄራ አጠገብ፣ ሌላው ዳቦ ቤት አጠገብ ቢሠራ የሚሻለው ዓይነት ነው።

የፍራፍሬ ዝንብ ፋብሪካ ውስጥ ሁለት ነገር ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። አንደኛው ወንዱን ከሴቷ የሚለዩበት መንገድ ነው። መካኗ ሴት ብትለቀቅ ባትወልድም ፍሬውን ትወጋለች፤ ደግሞም መካኖቹ ወንዶች የዱሯን ትተው አብራቸው ከመጣችው ጋር ይውላሉ። ስለዚህ ሴቶቹ ቀድመው እንዲወገዱ ይፈለጋል። በቪየና አጠገብ ሳይበርስዶርፍ በሚገኘው የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲና የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ቤተ ሙከራ የዳበረ የሜዲትራኒያን ዝንብ ዘር አለ። የዚህ ዘር እንቁላል 34 ዲግሪ ሙቀት ባለው ውሃ ውስጥ ለ24 ሰዓት ሲቆይ ሴት የሚሆኑት ይሞታሉ፣ ወንድ የሚሆኑት ይተርፋሉ። ሳይሞቅ የቀረ ካለ ደግሞ ሙሽሬ ሲሆን የወንዱ ቡናማ፣ የሴቷ ነጭ ሆኖ ይለያል። የእናንተን ማንጎ ለሚያጠቃው ዝንብም ታይላንድ ውስጥ በሙሽሬ ቀለም የሚለይ ዘር ተገኝቷል።

ሁለተኛው ምልክቱ ነው። ወጥመድ ውስጥ የተያዘው ዝንብ የእኛ ይሁን የዱር በምን ይታወቃል? ሙሽሬዎቹ ከመፈልፈላቸው በፊት በልዩ መብራት ሥር በሚያበራ የቀለም ዱቄት ይታሻሉ። ዝንቡ ከቅርፊቱ ለመውጣት ግንባሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ከረጢት እንደ ፊኛ ነፍቶ ክዳኑን ይገፋል፤ ከወጣ በኋላ ከረጢቷ ተመልሳ ወደ ራሱ ውስጥ ስትሰበሰብ የነካችውን ዱቄት ይዛ ትገባለች። ከዚያ በኋላ ገላው ላይ ያለው ቀለም በዝናብ ቢታጠብ እንኳ ግንባሩ ውስጥ የገባው አይለቅም። ባለሙያው የተያዘውን ዝንብ ራስ በልዩ መብራት ሥር ያየዋል፤ ብርቱካናማ ወይም አረንጓዴ ካበራ የእኛ ነው፣ ጨለማ ከሆነ ጭንቅ ነው።

ይህ ሥራ በፍራፍሬና አትክልት ዝንብ ላይ ምን ድረስ እንደሚሄድ ማየት የሚፈልግ ሰው የጃፓንን ኦኪናዋ ማየት አለበት። ዱባ፣ ሐብሐብና ኪያር የሚያበላሸው ዝንብ ከደቡብ ጀምሮ ደሴት በደሴት እየዘለለ መጣ፤ በ1919 ያዬያማ፣ በ1929 ሚያኮ፣ በ1970 ኩሜ፣ በ1972 ዋናው የኦኪናዋ ደሴት። ጃፓን ዝንቡ ወደ ዋናው አገር እንዳይሻገር ከእነዚህ ደሴቶች አትክልቱ እንዳይወጣ በሕግ ዘጋች። ገበሬው በአገሩ ውስጥ ሆኖ ለአገሩ ገበያ ባዕድ ሆነ ማለት ነው።

ኩሜ መሞከሪያ ሆነች። መጀመሪያ ወንዶቹን በጠረኑ የሚስብ መድኃኒት በየቦታው እየተጣለ ዝንቡ እንዲሳሳ ተደረገ፤ ከዚያ መካኑ መለቀቅ ጀመረ። በመጀመሪያ በየሳምንቱ የተለቀቀው አልበቃም፤ ቁጥሩ ከፍ ተደረገ፣ ዝንቡ የሸሸባቸው ኪሶች እየተፈለጉ እንደገና ከፍ ተደረገ። በ1978 ኩሜ ነፃ መሆኗ ተረጋገጠ። የቀሩትን ደሴቶች ለመጨረስ ግን እስከ 1993 ፈጀ፤ የተለቀቀው መካን ዝንብም ከ50 ቢሊዮን በላይ ነው። ዛሬ በጃፓን ሱቆች ሁሉ የሚታየው ጎያ የሚሉት መራራ፣ ሸካራ ልጣጭ ያለው የኦኪናዋ አትክልት ባሕር ተሻግሮ በነፃነት መሸጥ የቻለው ከዚያ በኋላ ነው።

ከኦኪናዋ የምወስደው ትምህርት ግን ስለ ቁጥሩ አይደለም፤ ስለ ዝንቡ ጠባይ ነው። የፋብሪካ ዝንብ በጠባብ ሳጥን ውስጥ በሺዎች ተጨናንቆ ትውልድ በትውልድ ሲራባ ችኩል ይሆናል። እዚያ ውስጥ ረጅም ልመና የሚያውቅ ወንድ ተራ አይደርሰውም፤ ተንደርድሮ የሚገናኘው ብቻ ይተካል። ዱር ሲለቀቅ ደግሞ ወግ የምታውቅ ሴት ይገጥመዋል። የሜዲትራኒያን ዝንብ ወንድ ቅጠል ሥር ቆሞ፣ ጭራውን አንሥቶ ሽታ እየረጨ፣ ክንፉን እያርገበገበ ሴቷን ይጠራል፤ እርሷም ቀርባ ታየዋለች፣ ካልጣማት ትታው ትበራለች። ኦኪናዋም ውስጥ የፋብሪካ ወንድ የማይቀበሉ የዱር ሴቶች መገኘታቸው ተመዝግቧል። ስለዚህ ፋብሪካዎቹ ዘሩን በየጊዜው በዱር ዝንብ ያድሳሉ፤ ጨረሩም በጣም ከበዛ ወንዱ ደካማ ስለሚሆን ሙሽሬዎቹን አየር ባጠረበት ከረጢት ውስጥ አሽገው፣ ሊፈለፈሉ ሁለት ቀን ገደማ ሲቀራቸው ይመቱአቸዋል። አንዳንዶቹ እንዲያውም ከመልቀቃቸው በፊት ወንዶቹን የዝንጅብል ዘይት ሽታ ያጥኗቸዋል፤ የታጠነው ወንድ በሴቷ ዘንድ ተቀባይነቱ ይጨምራል። ሽቶ ተቀብቶ ሠርግ መሄድ የሰው ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ እርስዎ ሁለት ሄክታር ልመለስ። ከውጭ አገር በረዶ ውስጥ ታሽጎ ትክክለኛው ዝርያ ቢመጣልዎትና ቢለቁት ምን ይሆናል? ዝንቧ ኪሎ ሜትሮች ትበራለች። ከላንቴ ወይም ከጫኖ ጓሮዎች ተነሥታ ወደ እርስዎ ማንጎ የምትመጣው ሴት አብዛኛውን ጊዜ ከመምጣቷ በፊት ተገናኝታለች። አግብታ ለመጣች ሴት የእርስዎ ሺህ መካን ወንዶች ምንም አያደርጓትም፤ እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች። ሥራው የሚሠራው ሸለቆው እንዳለ ሲያዝ ነው። የትም ቦታ የተሳካው ደሴት፣ በረሃ የከበበው ሸለቆ ወይም መንግሥት አጥሮ የሚጠብቀው ድንበር ላይ ነው። በእስራኤልና በዮርዳኖስ መካከል ያለው የአራባ በረሃ፣ የደቡብ አፍሪካው ሄክስ ሪቨር የወይን ሸለቆ እንደዚያ ናቸው። ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ውስጥ በ2014 ፑንታ ካና አካባቢ የሜዲትራኒያን ዝንብ ሲገኝ አሜሪካ በቀጣዩ ዓመት 18 ዓይነት ፍራፍሬና አትክልት እንዳይገባባት አገደች፤ አገሪቱ ከጓቴማላ በመጣ መካን ዝንብ ጭምር ታግላ በ2017 ነፃ መሆኗን አወጀች። ዝንቡ ገና አንድ ጥግ ላይ ሳለ ስለተያዘ ነው የተሳካው።

አርባ ምንጭ ይቻላል? በእኔ አስተያየት ከብዙ የአገራችን ክፍሎች ይልቅ የሚያስጎመጅ ቦታ ነው። በምዕራብ የጋሞ ደጋ እንደ ግድግዳ ቆሟል፤ ከእስያ የመጣው ዝንብ ብርድ አይወድም። በምሥራቅ አባያና ጫሞ አሉ። ይሁን እንጂ ሸለቆው ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ክፍት ነው፤ ተራራው ዝንብ ይከለክላል፣ ማንጎ የጫነ አይሱዙ ግን አይከለክልም። የጭነት ቁጥጥር፣ ለዓመታት የማይቋረጥ በጀትና ሳምንት በሳምንት ወጥመድ የሚቆጥር ሰው ሳይኖር ዝንብ መልቀቅ ገንዘብ ወደ ሰማይ መበተን ነው። ጥበቃው ሲላላ ምን እንደሚሆን ለማየት ያንን የከብት ቁስል ውስጥ የሚገባውን ዝንብ ይመልከቱ፤ ለዓመታት ፓናማ ላይ በመካን ዝንብ አጥር ታግዶ ኖሮ በ2023 ፓናማ ውስጥ ወረርሽኙ ፈነዳ፣ በ2024 መጨረሻ ሜክሲኮ ደረሰ።

እስከዚያው በእጅዎ ያለው ነገር ትንሽ አይደለም። ከሁሉ የሚበልጠው ከዛፉ ሥር የወደቀው ፍሬ ነው። በትል የተሞላ አንድ ማንጎ ከተተወ በቀጣዩ ወር አሥር አሥራ አምስት እናቶች ይሆናል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ይልቀሙ፤ በሳምንት አንዴ ከሆነ ትሉ ቀድሞ አፈር ይገባል። የለቀሙትን ቦይ ውስጥ ወይም አጥር ጥግ መጣል ዝንቡን ቤት መቀየር ብቻ ነው። ጥቁር ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አስረው ፀሐይ ላይ ጥቂት ቀን ይተዉት፣ ወይም ቢያንስ ግማሽ ሜትር አፈር አልብሰው ይቅበሩት። ይህን ስል ብዙዎች ፊታቸውን ያጨማድዳሉ፤ የሚረጭ ነገር ስም እንድነግራቸው ይጠብቁ ነበርና።

የሚረጭም አለ፤ ዛፉ ሁሉ አይረጭም እንጂ። ሴቷ ከሙሽሬ ከወጣች በኋላ እንቁላሏ እንዲበስል ፕሮቲን መብላት አለባት፤ ለዚያ ቀናት ያስፈልጋታል። ፕሮቲን ስፒኖሳድ ከሚባል ጥቂት ፀረ ተባይ ጋር ተቀላቅሎ በየዛፉ ቅጠል ላይ አንድ ካሬ ሜትር በማትሞላ ቦታ ጠብ ጠብ ቢደረግ ራሷ ፈልጋው መጥታ ትበላዋለች። ፍሬው ላይ አይረጭም። ፍሬው ግማሽ ሲደርስ ተጀምሮ በየሳምንቱ እስከ ለቀማ ይቀጥላል፤ ዝናብ ካጠበው ይደገማል። ሞሪሸስ ውስጥ ፕሮቲኑን ከቢራ ፋብሪካ የእርሾ ተረፈ ምርት ያዘጋጁታል፤ ቢራ ጠማቂ ባልጠፋበት አገራችን ማንም ያልሞከረው ከሆነ ቢሞክረው ደስ ይለኛል።

ወጥመዱን በተመለከተ አንድ ነገር ላስጠንቅቅዎ። ሜቲል ዩጂኖል የሚባለው፣ በአንዳንድ የበሶብላ ዘመዶች ውስጥ በተፈጥሮ የሚገኘው ሽታ የዚህን ዝንብ ወንዶች እብድ ያደርጋቸዋል። ወጥመዱ በሁለት ቀን ሲሞላ ገበሬው ደስ ይለዋል። የሞላው ግን በወንድ ነው። አንድ ወንድ ቢተርፍ ብዙ ሴቶች ያዳርሳልና፣ በወጥመዱ ፍሬው እንዲድን ወንዱ በሰፊው አካባቢ ሙልጭ ብሎ መጥፋት አለበት። በእርግጥ ሰፋ ተደርጎ ሲሠራ ኃይለኛ ነው፤ ኦኪናዋ ይህንኑ የማንጎ ዝንብ በ1986 ያስወገደችው መካን ሳትለቅ በዚህ ሽታ ነው። ለእርስዎ ግን ሁለት ወጥመድ የዝንቡን መምጫ ጊዜ ለማወቅ ይጠቅማል፤ በየሳምንቱ ቆጥረው ደብተር ላይ ይጻፉ። አንድ ቀን መካን ዝንብ ወደ ሸለቆው ከመጣ ያ ደብተር ከአውሮፕላኑ ቀድሞ የሚጠየቀው ነገር ነው። ያን ጊዜ ደግሞ እነዚህ ወጥመዶች መካኖቹንም እየሳቡ ስለሚገድሉ ሁለቱን ማስታረቅ ሌላ ሥራ ይሆናል፤ ሽታውን አስቀድሞ ያጠገቡት መካን ወንድ ወደ ወጥመዱ የመሄድ ፍላጎቱ ስለሚቀንስ መንገዱ አይጠፋም።

ማንጎውንም ዛፍ ላይ እስኪቀላ አይጠብቁት፤ የደረሰ አረንጓዴ ማንጎ ላይ ዝንቡ የሚጥለው እንቁላል ከበሰለው ላይ ያነሰ ነው። ከጎረቤቶችዎም ቢያንስ አጥር የሚዋሰንዎትን አምስት ስድስት ቤቶች ይዘው በአንድ ቀን አብራችሁ ልቀሙ፤ ቀበሌው የተፋሰስ ሥራ ለማስተባበር ሰው ካገኘ ለዚህ ግማሽ ቀን አያጣም።

በጥያቄዎ ያልነገሩኝ አንድ ነገር አለ። ከማንጎዎ መካከል ወይም አጥሩ ላይ ዘይቱና አለ? ካለ ዝንቡ ማንጎ በሌለበት ወር የሚሰነብተው እዚያ ነው። ማንጎው ገና አበባ ላይ ሳለ የወደቀውን ዘይቱና መልቀም ይጀምሩና፣ ወጥመዱ በየሳምንቱ ስንት እንደያዘ ጽፈው ይላኩልኝ።